አምስቱ ክንፋም ልጃገረዶች እነማን ነበሩ?

ጥያቄ፦

«ይድረስ ለምክር ዓምድ አዘጋጅ። ልጅነቴን ያሳለፍኩት እናቴ በሰው ቤት ተቀጥራ ትሠራበት በነበረው በሚላኖ ከተማ ነው። ከ1996 እስከ 1999 ዓ.ም. ባለው ጊዜ ይመስለኛል፣ ከታናሽ እኅቴ ጋር ስለ ጠንቋዮች የሚተርክ አንድ ካርቱን እንከታተል ነበር። ክንፍ የሚያወጡ አምስት ልጃገረዶች ነበሩ። የመሪያቸው ፀጉር ቀይ ነው፤ ነገር ግን በትዝታዬ ውስጥ አንዴ አጭር፣ አንዴ ረጅም ይሆንብኛል። አንገቷ ላይ የሚያበራ ክብ ነገር ታንጠለጥላለች። ሦስት ክፉ ጠንቋዮች ያሳድዷቸዋል፤ አንደኛዋ ፀጉሯ ነጭ ሲሆን ያገኘችውን ሁሉ በረዶ ታደርጋለች። የሚሸት አረንጓዴ ትንሽ ፍጡር፣ መጽሐፍ ሲሸጥ ውሎ ወደ እባብነት የሚለወጥ ሰው፣ ቤተሰቦቿ ምግብ ቤት ያላቸውና በኋላ የሞተች አያትም ትዝ ይሉኛል። እኅቴ ግን ‹አንገት ላይ የተንጠለጠለ ነገር አልነበረም፣ ቀለበት ነበር፤ ጥንቸልም ነበረ› ብላ ትከራከረኛለች። እናታችን የጠንቋይ ነገር በሰማች ቁጥር ቴሌቪዥኑን ስለምትዘጋው መጨረሻውን አላየነውም። ጓደኞቼ ‹ዊንክስ ነው› ብለውኝ ፈልጌ አየሁት፤ ከማስታውሰው ግማሹ አለ፣ ግማሹ የለም። አሁን የሰባት ዓመት ልጅ ስላለችኝ ላሳያት እፈልጋለሁ። ካርቱኑ ምን ይባላል? ወይስ ከራሴ የፈጠርኩት ነው?»

ግራ የገባት እናት፣ ከአዲስ አበባ

መልስ፦

ውድ ጠያቂያችን፣

ከራስዎ የፈጠሩት ነገር የለም። በደብዳቤዎ የዘረዘሯቸው ሁሉ በእርግጥ ተሥለው በቴሌቪዥን ወይም በወረቀት ለልጆች የቀረቡ ናቸው። ፍለጋው ያልተሳካልዎ የሚፈልጉት አንድ ካርቱን ነው ብለው ስለተነሡ ነው። እርስዎ የሚያስታውሱት ሁለት ተከታታይ ካርቱኖችንና አንድ ወርኃዊ መጽሔትን ሲሆን፣ ሦስቱም መነሻቸው ጣልያን፣ ዘመናቸውም አንድ በመሆኑ በልጅ አእምሮ ውስጥ ተዋሕደው ቢቀሩ የሚገርም አይደለም። የመጀመሪያው ጓደኞችዎ የነገሩዎት «ዊንክስ ክለብ» ነው፤ ጓደኞችዎ አልተሳሳቱም፣ ግማሹን ብቻ ነው ያገኙት። ሁለተኛው «ዊች» ይባላል፤ መጽሔቱም ይኸው ሁለተኛው ካርቱን የተቀዳበት የሥዕል ታሪክ ነው።

እዚህ ድምዳሜ ላይ ያደረሰኝ የቀይ ፀጉሯ ልጅ ነገር ነው። እርስዎ እንደ ጉድለት የቆጠሩት ይህ የፀጉር መለዋወጥ በደብዳቤዎ ውስጥ ካሉት ምልክቶች ሁሉ የበለጠ ጠቃሚ ሆኖ አግኝቼዋለሁ፤ ምክንያቱም በሁለቱም ካርቱኖች የአምስቱ ልጃገረዶች መሪ ቀይ ፀጉር አላት። በ«ዊች» ውስጥ ያለችው ዊል ፀጉሯ አጭር ነው። በ«ዊንክስ ክለብ» ውስጥ ያለችው ብሉም ግን ፀጉሯ ወገቧ ድረስ ይወርዳል። ሁለቱም ራሳቸውን እንደ ማንኛዋም ልጅ ሲቆጥሩ ኖረው ድንገት ታላቅ ኃይል እንዳላቸው የሚነገራቸው ናቸው፤ ሁለቱም በመጀመሪያው ክፍል ላይ ለአዲስ ሕይወት እንግዳ ሆነው ነው የምናገኛቸው። ስማቸው ከጠፋ በኋላ በአእምሮዎ የቀረችው አንዲት ቀይ ፀጉር ያላት ልጅ ናት፤ ፀጉሯ ብቻ እንደየመነሻው ሲያጥርና ሲረዝም ቆይቷል።

ከዚህ በኋላ የቀሩትን ምልክቶች እየነጠሉ ወደየባለቤታቸው መመለስ ቀላል ነው። አንገት ላይ የተንጠለጠለው የሚያበራ ክብ ነገር የ«ዊች» ነው፤ «የካንድራካር ልብ» ተብሎ የሚጠራ ክሪስታል ሲሆን፣ ዊል በእጇ ስትይዘው አምስቱም ልጃገረዶች ይለወጣሉ። ልጃገረዶቹ ዊል፣ ኢርማ፣ ታራኒ፣ ኮርኔሊያና ሄይ ሊን ይባላሉ። ኢርማ ውኃን፣ ታራኒ እሳትን፣ ኮርኔሊያ ምድርን፣ ሄይ ሊን አየርን ያዝዛሉ፤ የዊል ድርሻ የአራቱን ኃይል አንድ ላይ ማሰር ነው። ካርቱኑ ስለ ጠንቋዮች የሚያወራ ሆኖ የታሰበዎትም የርእሱ ትርጉም በእንግሊዝኛ ጠንቋይ ማለት ስለሆነ ነው፤ ርእሱ ግን የተገኘው ከአምስቱ ልጃገረዶች ስም የመጀመሪያ ፊደላት ሲሆን፣ በታሪኩ ውስጥ ሥራቸው ጠባቂነት ነው። የሚጠብቁት ደግሞ የእኛን ዓለም ሜሪዲያን ከተባለው ዓለም የሚለየውን መጋረጃ ነው። ሜሪዲያንን በግፍ የያዘው ልዑል ፎቦስ ሲሆን፣ ሴድሪክ የተባለው ታማኝ አገልጋዩ ልጃገረዶቹ በሚኖሩበት በሄዘርፊልድ ከተማ መጽሐፍ ሻጭ መስሎ ይቀመጣል። ቁጣው ሲነሣ ግን ከወገቡ በታች እባብ የሆነ ግዙፍ ፍጡር ይሆናል። እርስዎ ያስታወሱት መጽሐፍ ሻጭ እርሱ ነው። ለልጆች በተሠራ ካርቱን ውስጥ ደንበኛን በትሕትና የሚያስተናግድ ሰው እንዲህ ያለ ነገር መሆኑ አስፈሪ ሐሳብ ስለሆነ፣ ከሃያ ዓመት በኋላ ከሌሎቹ ይልቅ እርሱ ጎልቶ መቅረቱ ተገቢ ይመስለኛል። የሚሸተው አረንጓዴ ፍጡርም ብለንክ የተባለው፣ ከአንዱ ዓለም ወደ ሌላው እየሾለከ ዕቃ የሚያመላልሰው ነው።

ሦስቱ ክፉ ጠንቋዮች ግን የ«ዊንክስ ክለብ» ናቸው። አይሲ፣ ዳርሲና ስቶርሚ ይባላሉ፤ በረዶ የምታደርገው አይሲ ናት፣ ፀጉሯም ነጭ ሊባል የሚችል ነው። የሚማሩት ቶረኑቮላ በተባለው የጠንቋዮች ትምህርት ቤት ሲሆን፣ ብሉምና ጓደኞቿ ስቴላ፣ ፍሎራ፣ ሙዛና ቴክና ደግሞ በአልፌያ ይማራሉ። እኅትዎ የምትከራከርበት ቀለበትም እዚሁ አለ፤ የስቴላ ቀለበት ነው፣ ስትፈልግ ወደ በትረ መንግሥት የሚለወጥ፣ ሦስቱ ጠንቋዮችም የሚያሳድዱት የድራጎን ነበልባል የተባለው ታላቅ ኃይል በውስጡ ያለ መስሏቸው ነው። ኃይሉ የነበረው በብሉም ውስጥ ነው። ጥንቸሉ ደግሞ ኪኮ ይባላል፣ የብሉም ነው። እንግዲህ እኅትዎ «ቀለበት ነበር» ስትል እውነቷን ነው፤ እርስዎም «አንገት ላይ ነበር» ሲሉ እውነትዎን ነው።

የአያቷ ሞት ብቻ ትንሽ አቆየኝ። ቤተሰቦቿ የቻይና ምግብ ቤት ያላቸው ሄይ ሊን ናት፤ አያቷ ያን ሊን ቀድሞ ራሷ ጠባቂ የነበረች ሲሆን፣ ለልጃገረዶቹ ማንነታቸውን የምትገልጥላቸው እርሷ ናት። ይህ በካርቱኑም በመጽሔቱም አለ። ልዩነቱ ግን በካርቱኑ ውስጥ ያን ሊን አለመሞቷ ነው፤ ልጃገረዶቹን እየመከረች ትዘልቃለች። የምትሞተው በመጽሔቱ ነው። ስለዚህ የአያቷን ሞት የሚያስታውሱ ከሆነ መጽሔቱ እጅዎ ገብቶ ነበር ማለት ነው። በዚያን ዘመን በጣልያን በየመንገዱ ባሉት የጋዜጣ መሸጫ ኪዮስኮች ይሸጥ ስለነበር፣ እርስዎ ራስዎ ባይገዙት እንኳ ከክፍል ጓደኛዎ ተውሰው ወይም እናትዎ ከሚሠሩበት ቤት ልጆች አግኝተው ሊሆን ይችላል። በተቃራኒው ብለንክ በመጽሔቱ ውስጥ የለም፤ ለካርቱኑ ተብሎ የተጨመረ ነው። እርሱን ማስታወስዎ ደግሞ መጽሔቱን ብቻ ሳይሆን ካርቱኑንም ማየትዎን ያረጋግጣል። አንድ ትዝታ ከየት እንደመጣ በዚህ ያህል እርግጠኝነት መናገር የሚቻልበት ጊዜ ጥቂት ስለሆነ፣ ይህን ክፍል ስጽፍ ደስ እንዳለኝ አልደብቅዎትም።

ሁለቱ ለምን እንዲህ እንደሚመሳሰሉ ቢጠይቁ፣ ይህ ጥያቄ ፍርድ ቤት ደርሶ ነበር። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። የ«ዊች» መጽሔት በ2001 በዲዝኒ የጣልያን ቅርንጫፍ መታተም ጀመረ፤ ያመነጩትም ኤሊዛቤታ ኞኔ፣ አሌሳንድሮ ባርቡቺና ባርባራ ካኔፓ ናቸው። «ዊንክስ ክለብ»ን የፈጠረው ኢጂኒዮ ስትራፊ ሲሆን፣ ሬይንቦው የተባለው ድርጅቱ በማርኬ ክልል በምትገኘው በሎሬቶ ይገኛል። «ዊንክስ ክለብ» በጣልያን መንግሥት ቴሌቪዥን በራይ 2 መታየት የጀመረው በጥር 2004 ነው። በዚያው ዓመት ዲዝኒ ሥራዬ ተቀድቷል ብሎ ሬይንቦውን በቦሎኛ ከሰሰ፤ ፍርድ ቤቱ ግን ለሬይንቦው ፈረደ። «ዊች» ደግሞ በፈረንሳይ ሲፕ አኒሜሽን በተባለው ድርጅት ተሠርቶ በ2004 መጨረሻ በአሜሪካ መታየት ጀመረ፤ በሁለት ምዕራፎች 52 ክፍሎች አሉት። ሁለቱን ለመለየት ጠበቆች የተከራከሩበትን ነገር አንዲት የሰባትና የስምንት ዓመት ልጅ ብታቀላቅለው አይፈረድባትም።

በእርስዎ ሁኔታ ላይ ደግሞ የእናትዎ ቴሌቪዥን መዝጋት አለ። ይህን የምጠቅሰው ለወቀሳ አይደለም፤ በሰው አገር ልጆች የሚያሳድጉ እናት የማያውቁትን ነገር መጠርጠራቸው የሚጠበቅ ነው። ለትዝታው ግን የራሱ ውጤት ነበረው። አንድን ታሪክ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ያየ ልጅ የነገሮቹን ቅደም ተከተል ይይዛል፤ ቅደም ተከተሉም አንዱን ታሪክ ከሌላው ለይቶ ያቆይለታል። እርስዎ ግን ከዚህ ሩብ ሰዓት፣ ከዚያ ደግሞ አሥር ደቂቃ እያዩ ስላደጉ የያዙት ምስሎችን ብቻ ነው፤ ምስሎቹም እንደ ተፈታ መቁጠሪያ ዶቃ የየትኛው ክር እንደነበሩ አይታወቁም። የአንዱ ታሪክ ክፉ ሰዎች ከሌላው ታሪክ ጀግኖች ጋር የተፋጠጡብዎ በዚህ ምክንያት ነው።

ሌሎች ሰዎች «ሳብሪና» ወይም «ኪኪ» ወይም «ዶሬሚ» ሊሉዎት ስለሚችሉ በአጭሩ ልዝጋቸው። ሳብሪና በ1999 የተሠራው ካርቱን ላይ ከሁለት አክስቶቿና ከሚናገር ጥቁር ድመት ጋር የምትኖር አንዲት ልጅ ናት። ኪኪ በ1989 በጃፓኑ ጂብሊ ስቱዲዮ የተሠራ ፊልም ውስጥ ያለች፣ በመጥረጊያ ላይ ተቀምጣ የምትበር ብቸኛ ልጅ ናት። ዶሬሚና ጓደኞቿም የጃፓን ካርቱን ውስጥ ያሉ የጥንቆላ ተለማማጆች ናቸው። የአምስቱ ክንፍ፣ የአንገቱ ክሪስታልና እባቡ መጽሐፍ ሻጭ በአንዳቸውም ውስጥ አይገኙም።

አሁን ወደ ማረጋገጫው እንሂድ። «ዊንክስ ክለብ»ን አስቀድመው ስላዩት የእርሱ ምስል ትዝታዎን ትንሽም ቢሆን ነክቶት ይሆናል፤ «ዊች»ን ግን ገና አላዩትም። ስለዚህ አንድም ሥዕል ከመክፈትዎ በፊት የሚያስታውሱትን ሁሉ በወረቀት ላይ ይጻፉ፤ የልብሶቻቸውን ቀለም፣ ያዩበትን ክፍል፣ ቋንቋውን፣ የመግቢያ ዘፈኑን ዜማ ሳይቀር። እኅትዎም ለብቻዋ እንድትጽፍ ያድርጉ፤ አንዳችሁ የሌላችሁን ሳታነቡ። ይህ ጥንቃቄ ከመጠን ያለፈ እንዳይመስልዎት። ኤሊዛቤት ሎፍተስና ጆን ፓልመር የተባሉ አሜሪካውያን የሥነ ልቡና ተመራማሪዎች በ1974 ባወጡት ጥናት፣ የመኪና ግጭት የሚያሳይ ፊልም ለተማሪዎች አሳዩ፤ ከዚያ ለአንዳንዶቹ መኪኖቹ «ሲጋጩ»፣ ለሌሎቹ ደግሞ «ሲከሰካከሱ» ፍጥነታቸው ምን ያህል እንደነበር ጠየቁ። ከሳምንት በኋላ «የተሰበረ መስተዋት አይታችኋል?» ተብለው ሲጠየቁ፣ «ሲከሰካከሱ» ተብለው የተጠየቁት ከሌሎቹ ይልቅ በብዛት አየን አሉ፤ በፊልሙ ግን የተሰበረ መስተዋት አልነበረም። እኅትዎን «ክሪስታሉ ሮዝ ነበር አይደል?» ብለው ከጠየቋት፣ ሮዝ ክሪስታል ራስዎ ይሰጧታል ማለት ነው። «አስማቱ የሚመጣው ከምን ነበር?» ብሎ ዝም ማለት ይሻላል።

ከተጻፈው ውስጥ አስቀድመው የልብሱን ጉዳይ ይመልከቱ፤ ሁለቱን ካርቱኖች እንደ እርሱ በፍጥነት የሚለይ የለም። የ«ዊች» ልጃገረዶች ሲለወጡ ሁሉም አንድ ዓይነት ቀለም ይለብሳሉ፦ ሐምራዊና ወደ አረንጓዴ የሚያደላ ሰማያዊ፣ እግራቸውም ላይ መስመር ያለው ረጅም ካልሲ። የ«ዊንክስ» ልጃገረዶች ግን እያንዳንዳቸው የራሳቸው ቀለም አላቸው፤ የብሉም ሰማያዊ፣ የስቴላ ብርቱካናማ፣ የፍሎራ ሮዝ፣ የሙዛ ቀይ፣ የቴክና ፈዘዝ ያለ ሐምራዊ ነው። በጽሑፋችሁ ውስጥ በሙዚቃ ወይም በቴክኖሎጂ የምትዋጋ ልጅ ካለች እርሷም ሙዛ ወይም ቴክና ናት። ስድስተኛ ልጅ ካለች ደግሞ በሁለተኛው ምዕራፍ «ዊንክስ»ን የተቀላቀለችው ናት፤ እንደ ቅጂው ላይላ ወይም አይሻ ስለምትባል በስሟ ላይ አትጣሉ።

ከዚያ የሁለቱንም የመጀመሪያ ክፍል ይክፈቱ። በ«ዊች» የመጀመሪያ ክፍል ዊል ወደ ሄዘርፊልድ ትመጣለች፤ ያን ሊንም ልጃገረዶቹን ሰብስባ ክሪስታሉን ትሰጣታለች። በ«ዊንክስ ክለብ» የመጀመሪያ ክፍል ብሉም በመናፈሻ ውስጥ ስቴላ ከጭራቅ ጋር ስትዋጋ ታገኛታለች። የሚቻል ከሆነ በጣልያንኛ ድምፅ ይዩዋቸው። ልጅነትዎ የሰማው ድምፅ እርሱ ስለሆነ፣ ምስሉ ያላስታወሰዎትን ነገር የተዋናዮቹ ድምፅና የመግቢያው ዘፈን ሊያስታውስዎ ይችላል። በአሜሪካ ፎር ኪድስ የተባለው ድርጅት «ዊንክስ»ን ወደ እንግሊዝኛ ሲመልሰው ንግግሩንና ሙዚቃውን ብዙ ለውጦታል። በ2011 ደግሞ በኒኬሎዲዮን የመጀመሪያዎቹ ሁለት ምዕራፎች ተጨምቀው በአራት ረጃጅም ልዩ ዝግጅቶች ቀርበዋል። ፈልገው ያዩት ከእነዚህ አንዱ ከሆነ፣ ከጠፋብዎ ግማሽ ውስጥ የተወሰነው የጠፋው በዚሁ መጨመቅ ሊሆን ይችላል። በ2021 በኔትፍሊክስ የወጣው፣ ሰዎች የሚተውኑበት ድራማ ከ«ዊንክስ» የመነጨ ቢሆንም ለወጣቶች እንጂ ለሰባት ዓመት ልጅ የተሠራ አይደለም፤ ልጅዎ ብቻዋን ስትፈልግ እርሱ ላይ እንዳትወድቅ ይጠንቀቁ።

ለልጅዎ የቱን ያስቀድሙ? እኔ ብሆን በ«ዊንክስ ክለብ» የመጀመሪያ ምዕራፍ እጀምራለሁ፤ የትምህርት ቤት ታሪክ ነው፣ ክፉዎቹ ማን እንደሆኑ ከመጀመሪያው ይታወቃል፣ ቀለሙም ለትንሽ ልጅ ይስባል። በታሪክ አሠራር ግን «ዊች» ይበልጣል ብዬ አምናለሁ። የልጃገረዶቹ የትምህርት ቤት ጓደኛ ኤሊዮን የፎቦስ እኅትና የሜሪዲያን ዙፋን ትክክለኛ ወራሽ ሆና መገኘቷ፣ በክፉ ምክርም ተታልላ በጓደኞቿ ላይ መነሣቷ፣ አንድ ሁለት ዓመት ጨምራ ብታየው የበለጠ የሚገባት ነገር ነው። ሴድሪክንም በዚያን ጊዜ ብታየው ይሻላታል። አያትዋ አሁንም የጠንቋይ ነገር የሚያሳስባቸው ከሆነ፣ በ«ዊንክስ» ጠንቋዮቹ የሚሸነፉት ወገን መሆናቸውን፣ በ«ዊች» ደግሞ ልጃገረዶቹ አንዲት ግፍ የተፈጸመባት አገር ነፃ እንድትወጣ የሚታገሉ መሆናቸውን ይንገሯቸው። ከዚህም የሚሻለው አንዱን ክፍል አብረው ተቀምጠው እንዲያዩት መጋበዝ ነው።

መጨረሻውን አላየንም ስላሉ እርሱንም ልንገርዎት፤ ራስዎ ማየት ከፈለጉ ግን የሚከተለውን አያንብቡ። በ«ዊንክስ ክለብ» የመጀመሪያ ምዕራፍ ሦስቱ ጠንቋዮች የብሉምን ኃይል ይነጥቃሉ፣ ቶረኑቮላን ይይዛሉ፣ አልፌያንም ይከብባሉ፤ ብሉም ግን የድራጎኑ ነበልባል ከውስጧ ፈጽሞ እንዳልጠፋ አውቃ መልሳ ታነሣውና ታሸንፋቸዋለች። በ«ዊች» የመጀመሪያ ምዕራፍ ፎቦስ ይወድቃል፣ ኤሊዮንም ዙፋኑን ትይዛለች። ሁለተኛው ምዕራፍ ኔሪሳ ከተባለች የቀድሞ ጠባቂ ጋር የሚደረገው ትግል ነው። ሦስተኛ ምዕራፍ ስላልተሠራለት ካርቱኑ እዚያ ላይ ያበቃል፤ መጽሔቱ ግን በጣልያን እስከ 2012 መታተሙን ስለቀጠለ፣ ጣልያንኛዎ ካልጠፋ የአምስቱን ልጃገረዶች ቀሪ ታሪክ በእርሱ ማንበብ ይችላሉ።